ተራው የሒክማ ነው

ናዒማ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም፤ የቁርሱን ሳህኖች ሒክማ አጥባ፣ አድርቃ፣ መደርደሪያው ላይ ደርድራ ጨርሳለች። ውሃው ባዶው ማጠቢያ ላይ እየተንደቀደቀ ሲወርድ ናዒማ ዓይኗን ከታናሽ እህቷ አሽሽታ ግድግዳው ላይ ተከለች። ግን ዘግይታለች። ከኩሽናው መስኮት ሥር ግቢው ውስጥ ቆሞ በስልክ የሚያወራው የባሏ የአኒስ ድምፅ ቀድሞ ገብቷል። «ምንም አያስቡ ጋሽ ኢዮስያስ። የቤታችን ልጅ አይደለች እንዴ? እኔ አነጋግራታለሁ። አቻ ትወጣለች። አዎ፣ አቻ። እርስዎ ብቻ ሻንጣዎን ያዘጋጁ።» ከዚያ ሳቀ። ሒክማ ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። አኒስ እቤቱ ውስጥ እንደዚያ ስቆ አያውቅም፤ የቢሮ ሳቁ ነው።

ናዒማ ውሃውን ዘጋችና ያልረጠበ እጇን በፎጣ ጠረገች። «ቲማቲም አልቋል» አለች፣ ፎጣውን አጥፋ አጥፋ ስትጨርስ። «ዓሣም ደህና ካገኘሽ ያዢ።» ሒክማ ዘንቢሉን ከበሩ ጀርባ አንስታ ወጣች። አኒስ ግቢው ውስጥ ስልኩን ኪሱ እየከተተ ነበር። ሲያያት የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና፣ «ፀሐዩ ሳይበረታ ተመለሺ» ብሎ ተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ቼዝ የሚወዱ ኢትዮጵያውያን ራስ ዲካ አካባቢ ከአንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየተገናኙ ሲጋጠሙ ከርመዋል። አንደኛ የወጣው ድሬዳዋ ወደሚደረገው ውድድር በባቡር ይላካል። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ ሒክማ፣ ሌላኛው አቶ ኢዮስያስ፣ አኒስ ተቀጥሮ የሚሠራበት የትራንዚት ድርጅት ባለቤት። አቶ ኢዮስያስ በግማሽ ነጥብ ይመራል፤ አቻ ከወጡ ሄያጁ እሱ ነው። ሒክማ ለመሄድ ማሸነፍ አለባት። ትናንት ማታ ጨዋታው በጦፈበት ሰዓት መብራት ጠፋ። ማራገቢያዎቹ ቆሙ፣ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ሰውን ሸፈነው፣ ላብ ከአገጭ ወደ ሰሌዳው ይንጠባጠብ ጀመር። ዳኛው ጋሽ ከበበው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ በስልካቸው መብራት የጠጠሮቹን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ገለበጡና፣ «ነገ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ትቀጥላላችሁ። ተራው የሒክማ ነው» አሉ። «በትልቅ ውድድር ቢሆን ኖሮ ቀጣዩን እርምጃ ጽፈሽ በፖስታ ታሽጊ ነበር። እኛ ግን ዘመድ ነን፤ ሄዳችሁ ተኙ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቡልኝ፤ ስልክ ውስጥ ያለውን ማሽን እንዳትጠይቁ። ጭንቅላታችሁን ጠይቁ፣ ከፈለጋችሁ ሰው ጠይቁ።» ሁለቱም ቃል ገቡ።

ሒክማ ወደ ገበያ ስትሄድ መንገዱን አታየውም ነበር። ካርቲዬ ሁለት ከሚባለው ሰፈራቸው ጠባብ መንገዶች በአንዱ፣ ቆርቆሮ አጥሮችን እየታከከች፣ አሸዋ ያዘለው የሐምሌ ንፋስ ሻሿን እየጎተተው፣ ዓይኗ ውስጥ ያለው ሰሌዳው ነው። በቀኝ በኩል የሱ ንጉሥ ከሦስት ወታደሮች ጀርባ ተሸጉጧል፤ የሷ ንግሥት፣ ግንብና ፈረስ ከበውታል። በግራ በኩል ደግሞ የሱ አንድ ወታደር ሰውን ሁሉ አልፎ፣ ንግሥት ለመሆን ሁለት ቤት ብቻ ቀርቶት ቆሟል። የሱ ንግሥት ከሩቅ ሆና ትጠብቀዋለች። እሷ ንጉሡን ካልያዘችው ወታደሩ ይደርሳል። ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ኪሎው መቶ ፍራንክ መጨመሩን ስትነግራት ሒክማ ሳትከራከር ተቀበለቻት። ሴትዮዋ ራሷ ተገረመች። «ምን ሆነሻል ዛሬ? አትክልት የጫኑት መኪኖች ድንበር ላይ አድረው ነው እንጂ እኔ አልጨመርኩም» አለችና፣ ያልተከራከረ ሰው አሳዝኗት ሁለት ፍሬ ጨመረችላት።

ጅቡቲ የመጣችው በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ናዒማ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ተኝታ ሳለች፣ «እስክትነሳ ድረስ» ተብላ ከድሬ ተላከች። ናዒማ ተነሳች፤ ሒክማ ግን ቀረች። አሁን በሥራ ቀን ሄሮን ሰፈር አንድ የፈረንሳዮች ቤት ሁለት ሕፃናት ትጠብቃለች፤ ማታ እዚህ ቤት ታበስላለች፣ ታጥባለች። ማንም ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ማንም ደግሞ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ ብሏት አያውቅም። ቼዝ ያስተማራት አኒስ ነው። በመጣችበት ዓመት ናፍቆቱ እንዲረሳት ብሎ ከድሬ ያመጣውን ሰሌዳ ከአልጋ ሥር አውጥቶ፣ ማታ ማታ ሳሎኑ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። አኒስ በልጅነቱ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር የሚፈራ ተጫዋች እንደነበር የምትሰማው ከሌላ ሰው ነው። ከዚያ አንድ ቀን በቃኝ አለ። ለምን እንደሆነ አልነገራት፤ እሷም አልጠየቀችውም። ሰሌዳው የሷ ሆኖ ቀረ።

እህትማማቾቹ ዓሣውን ጠብሰው፣ ሩዙን ቀቅለው ጠበቁ፤ አኒስ ከጁምዓ ሲመለስ ሦስቱ አንድ ትሪ ከበቡ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ማንኪያ ትሪውን ይነካል። ናዒማ ስለ ቲማቲሙ ዋጋ ጠየቀች። ሒክማ መለሰች። አኒስ፣ «በመኪኖቹ ነው» አለ። ሒክማ አንገቷን ደፍታ እየበላች፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ስትል፣ አኒስ የዓሣውን እሾህ አንድ በአንድ እየለቀመ ከትሪው ጠርዝ ላይ እንደ አጥር ደረደረው። ከዚያ ተነስቶ እጁን ታጠበ። አርብ አርብ ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ ጓደኞቹ ጋ ወደሚቅምበት መብረዝ ነው የሚሄደው። ዛሬ አልሄደም።

ሒክማ ጠባቧ ክፍሏ ውስጥ ገብታ ሰሌዳውን አልጋዋ ላይ ዘረጋች። ጠጠሮቹን እንደ ትናንቱ አቆመቻቸው። የመጀመሪያው መንገድ አቻው ነው። ንግሥቷን ከቤት ቤት እያመላለሰች ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ ብትለው ንጉሡ ማምለጫ የለውም፤ እሷም መግደያ የላትም፤ እጅ ተጨባብጦ መነሳት ነው። ሁለተኛው ግንቧን ወደ ኋላ መልሳ ወታደሩን ማስቆም ነው። ደህና ይመስላል፤ ግን አንዴ ካፈገፈገች ማታውን ሙሉ ስታፈገፍግ ልታመሽ ነው። ሦስተኛው ፈረሱን መስጠት ነው። ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር በልቶ ፈረሱ ይሞታል፤ በሩ ግን ይከፈታል። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቃት ይሄ ነው። ፈረሱን ትሰጣለች፣ በግንብ ቼክ፣ ንጉሡ ይሸሻል፣ በንግሥት ቼክ፣ እንደገና ይሸሻል፣ አሁን ሊያዝ ነው ስትል የሱ ንግሥት ከሩቅ ተወርውራ መሃል ትገባና የሷን ንጉሥ ቼክ ትለዋለች። በዚያች አንዲት ትንፋሽ እሱ ይተርፋል። ደጋግማ ሠራችው፤ ሁልጊዜ የሚሰበረው እዚያው ጋ ነው።

«ሒክማ» አለ አኒስ። በሩ ላይ ቆሟል፤ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጫት ብብቱ ሥር ይዟል። «አንዴ ላነጋግርሽ ነበር።»

«እሺ።»

ዓይኑ ግን ሰሌዳው ላይ ወደቀ። የሚናገረውንም ረሳ። «የትናንቱ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው። ተራው የኔ ነው።»

«ንግሥቷን እያመላለስሽ ቼክ ካልሽው አቻ ነው» አለ፤ አባባሉ የተጻፈ ነገር የሚያነብ ሰው ይመስላል። ሊናገር የመጣው ይሄንኑ ነበር፤ ተናገረው፤ እዚህ ላይ ዞሮ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ጫቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ፈረሱንስ ብትሰጪ?»

ሒክማ አሳየችው። ፈረሱ ገባ፣ ሞተ፤ ግንቡ፣ ንግሥቷ፣ ከዚያ ያቺ የተረገመች ቼክ። አኒስ ጠጠሮቹን መልሶ አቆማቸው። እንደገና ሠራው። ደግሞ መለሳቸው። ጃኬት የማያስለብስ አገር ሆኖ ነው እንጂ እጅጌውን ይሰበስብ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ክርኖቹን ጉልበቶቹ ላይ ተክሎ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠ። ሒክማ አየችው። ስድስት ዓመት ያላየችው ሰው ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ድካም የት እንደሄደ አይታወቅም።

«ፈረሱ ምንም አላጠፋም» አለ በመጨረሻ። «አቀማመጡ የተበላሸው ያንቺ ንጉሥ ነው።» በአንድ ጣቱ የሷን ንጉሥ ወደ ጥግ፣ አንድ ቤት ገፋ አደረገው። «አሁን ፈረሱን ስጪ። ያቺ ቼክ የታለች?»

ሒክማ ተቆጣች። «አቦ አኒስ! ወታደሩ እየሮጠብኝ ቁጭ ብዬ ንጉሥ ላንቀሳቅስ?»

«ይሩጥ። ቁጠሪው እስቲ።»

ቆጠሩ። ወታደሩ አንድ ቤት ሮጠ። ፈረሱ ገባ። ከዚህ በኋላ የሷ እርምጃ ሁሉ ቼክ ነው፤ ንጉሡ እየተባረረ ወታደሩን የሚያነሳ እጅ የለም። ግንብ፣ ንግሥት፣ ግንብ። ወታደሩ ንግሥት ለመሆን አንድ ቤት ሲቀረው ንጉሡ አለቀ። አኒስ ጭኑን መታ። ሒክማ በእጇ አፏን ያዘች። ከዚያ እሷ፣ «ወዲህ ቢሸሽስ?» አለች፤ እሱ አሳያት። እሱ፣ «በግንቡ ቢከላከልስ?» አለ፤ እሷ አሳየችው። የጠጠር ኳኳታና የሁለት ሰው ሙግት ትንሿን ክፍል ሞላት።

«በስልክ ብናየውስ፣ ለማረጋገጥ ያህል?» አለ አኒስ።

«ቃል ገብቻለሁ።»

«እኔ አልገባሁማ!»

«አኒስ!»

ሳቀ። ይሄኛው የቢሮው አልነበረም። ግን ወዲያው ቃል የሚለው ነገር የመጣበትን ጉዳይ አስታወሰውና ሳቁ ከፊቱ ላይ ረገፈ። የያዘውን ጠጠር ሰሌዳው ላይ አስቀመጠ። «እኔም ሌላ ቃል ገብቻለሁ» አለ።

«ሰምቻለሁ። ኩሽና ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ምን እንደምትለኝ ልስማ ብዬ።»

አኒስ መስኮቱን አየ። «ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን በምሳ ሰዓት እንጫወት ነበር፤ እኔና እሱ። አንድ ቀን አሸነፍኩት። ያን ወር ሙሉ በስሜ አልጠራኝም፤ ‹ያ ልጅ› ነበር የሚለኝ። ከዚያ በኋላ መሸነፍ ጀመርኩ። ሆን ብሎ መሸነፍ ቀላል ይመስልሻል? መጀመሪያ ትክክለኛውን እርምጃ ማግኘት አለብሽ። ካገኘሽው በኋላ ነው የምትተዪው። አግኝቶ መተው፣ አግኝቶ መተው። በመጨረሻ ሰሌዳ ማየት ራሱ አስጠላኝ። ዛሬ ደግሞ ውሌ የሚታደስበት ወር ደርሷልና፣ እሱ ቢደውል ጊዜ...» አልጨረሰውም።

«እሱ ነው አቻ ትውጣ ያለው?»

«የለም። ‹ልጅቷ እንቅልፍ ነሳችኝ› ነው ያለው። ሌላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ናዒማ ሦስት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላዩዋትም። ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ቀና ሳትል፣ «እኔም ጠዋት ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው» አለች ለእህቷ። ከዚያ ለባሏ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ፈራን። ምን ጨመረልን?» አለች። ያን ያህል መናገሯ ራሷን ያስደነገጣት ይመስል ስኳሩን ረሳሁ ብላ ወጣች።

አኒስ ሻዩን ያለ ስኳር በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። «ልብስሽን ቀይሪ» አለ። «አብረን እንሄዳለን።» ተጫወቺ አላለም፤ አትጫወቺም አላለም። ሲወጣ ግን ሰሌዳው ላይ ያለውን ንጉሥ ወደ ጥጉ አንድ ቤት እንደተገፋ ትቶት ነው የወጣው።

አቶ ኢዮስያስ ምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ቀድሟቸው ደርሷል። ቁመተ ረጅም፣ ሽቱው ከደረጃው ጀምሮ የሚቀበል፣ ነጭ ሸሚዙ ላይ አንዲት መጨማደድ የሌለችበት ሰው ነው። ሒክማን ሲያይ ተነስቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «የኔ ልጅ፣ አስጨነቅሽኝ እኮ! ቁርሴንም በቅጡ አልበላሁ» አለ። አኒስን በዓይኑ ፈለገው። አኒስ ሰላምታ ሰጥቶ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ባሕሩ ከሚታይበት ጋ ቆመ። ጋሽ ከበበው ከወረቀታቸው እያዩ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አቆሙና ሰዓቱን አስነሱ።

ሒክማ ንጉሧን ወደ ጥጉ አንድ ቤት ገፋችው።

አቶ ኢዮስያስ ፈገግ እንዳለ ነበር የጠበቀው፤ ፈገግታው ትንሽ ቆይቶ ቦታ ያጣ መሰለ። እጁን ወደ ወታደሩ ልኮ መለሰው። ቀና ብሎ አኒስን አየ፤ ረጅም አየው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጎ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ማሰብ ጀመረ። ሒክማ የዚህን ሰው ሌላ ነገር አታውቅም፤ ቼዝ ግን ይወዳል። ይሄን አሁን አየች። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወታደሩን አልገፋም፤ በግንቡም አልተከላከለም። ንግሥቱን ከሩቅ ጠርቶ ከንጉሡ አጠገብ አቆማት።

ይሄን አላዩትም ነበር። ከሰዓት ሙሉ ስትሠራው የዋለችው ያ ሁሉ ነገር፣ ፈረሱ፣ ግንቡ፣ ንግሥቷ፣ አሁን የሱ ንግሥት በሩ ላይ ቆማለችና አይሠራም። እጇ ግን በልምድ ወደ ፈረሱ ሄዶ ነበር፤ ከአየር ላይ መልሳ ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት። አኒስን ማየት ፈለገች፤ አላየችውም። እሺ፣ አለች ለራሷ። አሁን ምን ምን አለሽ? ፈረሱን መስጠት፤ የለም፣ ሞቶ ይቀራል። ንግሥት በንግሥት መለዋወጥ፤ ወታደሩ ይሮጣል። መመለስ... ወዴት? ለምን? ንግሥቱን እንዲመልስ ያስገደድሽው አንቺ አይደለሽ? ስትመለስ ምን ጥላ መጣች? ዓይኗን ከንጉሡ ላይ ነቅላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግራ አየች። ከትናንት ጀምሮ ያስፈራራት ያ ወታደር ጠባቂው ጥላው ሄዳ ብቻውን ቆሟል። ከሷ ግንብ እስከሱ ድረስ መንገዱ ባዶ ነው። ወጥመድ እንዳይሆን አንዴ አየች፤ ሌላ ጊዜ አየች። ግንቧን ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ አንሸራታ ወታደሩን በላችው።

አቶ ኢዮስያስ ወዲያው አልተበገረም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው የታገለው፤ እያንዳንዱን ቤት አስከፍሎ ነው የለቀቀው፤ ሒክማም ሁለት ጊዜ ከመሸነፍ ለጥቂት ተርፋለች። ባሕሩ ላይ ፀሐዩ ሲቀላ ግን የሷ ወታደር በተራው አልፎ ወጥቶ ነበር፤ የሚያስቆመውም አልተገኘም። አቶ ኢዮስያስ ሰዓቱን አቁሞ እጁን ዘረጋላት። ጋሽ ከበበው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ከቦ የሚያየው ሰው ያጨብጭብ አያጨብጭብ አላወቀም፤ አንዱ ጀመረና ሌላው ተከተለ።

አቶ ኢዮስያስ ከወንበሩ ሳይነሳ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ያቺን የንጉሥ እርምጃ አንተ ነህ ያሳየሃት?»

ሒክማ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። አኒስ ቀደማት። «እኔ ነኝ። ያቺን አንዲት እርምጃ ብቻ። የቀረው የሷ ነው።» የቢሮው ድምፅ አልነበረም።

አቶ ኢዮስያስ ሰሌዳውን አየ፣ ንጉሡ ወደነበረበት ቤት። «ያን ሁሉ ጊዜ ስትሸነፍልኝ የማላውቅ ይመስልሃል?» አለ። «እያወቅኩ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ነው የሚያሳፍረው።» ተነሳ፤ ሸሚዙን አስተካከለ። አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። በሩ ጋ ሲደርስ ሳይዞር፣ «እሑድ ሥራ ስንገባ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዬ ና፣ አኒስ። ሰሌዳ አለኝ» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ስለ ውሉ ምንም አላለም። አኒስና ሒክማ በእግራቸው ሲመለሱም እሱን አላነሱትም፤ ሊያነሱት ጊዜ አልነበራቸውም። አኒስ ንግሥቷ የተመለሰችው በግድ ነው ይላል፤ ሒክማ የለም፣ በግንቡ ቢከላከል ይሻለው ነበር ትላለች። በጣታቸው አየር ላይ ሰሌዳ እየሳሉ፣ መንገድ ዳር ጫት ከምትሸጥ ሴት ጋር ሊጋጩ ለጥቂት ተርፈው፣ ባጌት ዳቦ የጫነ ጋሪ እያሳለፉ፣ ካርቲዬ ሁለት ገቡ። ንፋሱ በርዷል። ሰው ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ተቀምጧል።

ናዒማ በሩን ከፍታ ቆማለች። የባሏን ፊት አየች፣ የእህቷን አየች። ሁለቱም እየተከራከሩ በአጠገቧ አልፈው ወደ ሳሎን ገቡ፤ ሒክማ ሰሌዳውን ልታመጣ ወደ ክፍሏ እየሮጠች ነው።

«እናንተ ሰዎች!» አለች ናዒማ ጮክ ብላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፤ ድምጿ ውስጥ ሳቅ ተሸሽጓል። «ባቡሩ ከናጋድ ጣቢያ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? ንገሩኝ እንጂ፤ ስንቅ የሚሰናዳው በአንድ ሌሊት መሰላችሁ?»